የአየር ግፊት አሞላል በባሊስቲክስ ሶፍትዌር፦ የቦታው ልክ ወይስ የባሕር ጠለል?

መግቢያ

በረጅም ርቀት የጠመንጃ ኢላማ ተኩስ ስፖርት ጥይቱ እስከ 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ያህል፣ አየሩን እየሰነጠቀ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ላይ የመሬት ስበት ወደ ታች ሲስበው አየሩ ደግሞ ፍጥነቱን ይገታል። ስበቱ በሁሉም የውድድር ሥፍራ ተቀራራቢ ነው፤ አየሩ ግን ከቦታ ቦታ፣ በአንድ ቦታም ከጠዋት እስከ ቀትር ይለያያል። በመሆኑም ተወዳዳሪዎች ማነጣጠሪያቸውን ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንዳለባቸው ለማወቅ በስልክ ወይም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ የሚሠራ የባሊስቲክስ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። የሶፍትዌሩ ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከእውነታው እጅግ ሊርቅ የሚችልበት አንድ የተለመደ ምክንያት አለ፤ ይኸውም “ግፊት” በሚለው ሥፍራ የሚሞላው ቁጥር የየትኛው ግፊት እንደሆነ አለመለየት ነው።

የአየር እፍጋትና ሦስቱ መረጃዎች

አየር ጥይትን የሚገታበት ኃይል በቀጥታ የሚወሰነው በአየሩ እፍጋት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ባለው የአየር መጠነ ቁስ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን እፍጋት የሚያሰላው ከግፊት፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ነው። ሦስቱ ግን እኩል ክብደት የላቸውም። ግፊት በ1 በመቶ ሲቀንስ እፍጋትም በ1 በመቶ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የ10 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት እፍጋትን ከ3 በመቶ በላይ ይለውጣል። እርጥበት ግን በባሕር ጠለል ላይ፣ በዚያው ሙቀት፣ ከፍጹም ደረቅ እስከ ፍጹም እርጥብ ቢለዋወጥ እንኳ ለውጡ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለውጡም ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ ነው፤ የውኃ ሞለኪውል ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ስለሚቀል እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይሳሳል።

ሁለቱ ግፊቶች

“የአየር ግፊት” የሚለው ስያሜ ሁለት የተለያዩ መጠኖችን ይይዛል። የመጀመሪያው በቦታው ላይ በመሣሪያ የሚለካው፣ ስቴሽን ፕሬዠር የሚባለው እውነተኛ ግፊት ነው። ሁለተኛው የሜትሮሎጂ ተቋማትና የአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚያስታውቁት፣ ቦታው በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ ሊኖረው ይችል የነበረው ግፊት ነው። ይህ ማስተካከያ የሚደረገው በደጋና በቆላ ያሉ ጣቢያዎችን ልኬት በአንድ ካርታ ላይ ለማነጻጸርና አብራሪዎች የከፍታ መለኪያቸውን እንዲያስተካክሉ ለመርዳት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት አዲስ አበባ ጥሩ ምሳሌ ናት። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ለአብራሪዎች የሚነገረው ግፊት ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ ሲሆን በቦታው ያለው እውነተኛ ግፊት ግን 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። በከተማዋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥይትም እንደ ውኃው ሁሉ የሚያውቀው በቦታው ያለውን አየር ብቻ ነው።

የስሕተቱ መጠን፦ የራተን ምሳሌ

በአሜሪካ የ1,000 ያርድ ውድድር ከሚካሄድባቸው ሥፍራዎች አንዱ በኦሃዮ የሚገኘው ካምፕ ፔሪ ነው፤ ከኢሪ ሐይቅ ዳር ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 175 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሌላው በኒው ሜክሲኮ፣ በራተን ከተማ አቅራቢያ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ያለው የዊቲንግተን ማዕከል ነው። ሙቀቱ በሁለቱም ሥፍራ 25 ዲግሪ ቢሆን በራተን ያለው አየር ከካምፕ ፔሪው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል።

በ2,000 ሜትር ላይ መደበኛው ግፊት 795 ሄክቶፓስካል ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የደረቅ አየር እፍጋት 0.93 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ተወዳዳሪው ከአየር ትንበያ ያገኘውን 1,013 ሄክቶፓስካል እንደ ቦታው ግፊት ቢሞላ ሶፍትዌሩ እፍጋቱን 1.18 አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህም ከእውነተኛው በ27 በመቶ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ አየሩ ወፍራም መስሎት ማነጣጠሪያውን ከልክ በላይ ከፍ ያስደርጋል። በተለመደው የ7.62 ሚሊ ሜትር የውድድር ጥይት በ1,000 ያርድ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከአንድ ሜትር ይበልጣል። የአሥር ነጥብ ክቡ ስፋት 51 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የመላው ኢላማ ቁመትም 1.83 ሜትር በመሆኑ መሐሉን ያለመ ጥይት ከኢላማው በላይ ያልፋል። የነፋስ ማስተካከያውም አብሮ ይበላሻል።

ተቃራኒው ስሕተት ከፍታን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። በቦታው የተለካው 795 የባሕር ጠለል ግፊት ተደርጎ ሲሞላና 2,000 ሜትር ከፍታ ሲጨመርበት ሶፍትዌሩ ግፊቱን እንደገና ወደ 624 ሄክቶፓስካል ያወርደዋል። ይህ በ3,900 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ መደበኛ ግፊት ነው። በዚህ ጊዜ ማስተካከያው ያንስና ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

የእፍጋት ከፍታና ወሰኑ

አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ሦስቱን መረጃዎች በአንድ ቁጥር ይተካሉ። ከአቪዬሽን የተወሰደው ይህ ቁጥር “የእፍጋት ከፍታ” ይባላል፤ የአሁኑ አየር እፍጋት በመደበኛው ከባቢ አየር በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ይገልጻል። ከላይ በተጠቀሰው የራተን ምሳሌ 2,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘዴው ግፊቶቹን ከማምታታት ያድናል። ሆኖም ሙቀት ከእፍጋት ውጭ የድምፅን ፍጥነትም ስለሚወስን፣ የጥይቱ ፍጥነት ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ ደግሞ ገቺው ኃይል በእጅጉ ስለሚለዋወጥ፣ ሶፍትዌሩ ሙቀቱን ለብቻው ከጠየቀ መሙላት ይገባል። የባሩዱ ሙቀት ጥይቱ ከአፈሙዝ የሚወጣበትን ፍጥነት የሚለውጥ ሌላ ጉዳይ በመሆኑ ከአየሩ ሙቀት ጋር ሊምታታ አይገባም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ መመሪያ አጭር ነው። ግፊቱን በቦታው መለካትና በሶፍትዌሩ ውስጥ የቦታው ግፊት መሆኑን ማመልከት፣ ከፍታን ደርቦ አለመቁጠር፤ መለኪያ ከሌለ ደግሞ የትንበያውን ግፊት የባሕር ጠለል ግፊት ብሎ ከትክክለኛው ከፍታ ጋር መሙላት ነው። የሙቀት መለኪያው ከፀሐይና ከእጅ ሙቀት ርቆ ሊነበብ ይገባል። በመጨረሻም ውጤቱን በቀላል ስሌት ማመሳከር ይቻላል፤ በፓስካል የተገለጸውን ግፊት፣ ሴንቲግሬዱ ላይ 273 ተደምሮ በ287 ከተባዛው ቁጥር ጋር ማካፈል የደረቅ አየርን እፍጋት ይሰጣል። በ2,000 ሜትር ላይ፣ በሞቃት ቀን፣ ሶፍትዌሩ የያዘው እፍጋት ከ1.1 በላይ ወይም ከ0.8 በታች ከሆነ አንዱ ግፊት በሌላው ቦታ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ሊታረም ይችላል።