የምድጃው ርካሽነት በከሰል ይከፈላል

የመርካቶው ምናለሽ ተራ ስሙ የሚነሳው በአሮጌ ብረት ነው። ያለቀ በርሜል ይሰነጠቃል፣ የዘይት ጣሳ ይዘረጋል፣ የተጣለ ላሜራ በመዶሻ ይቃናል። ከዚያም ባልዲ፣ መጥበሻ ወይም የከሰል ምድጃ ሆኖ ወደ ገበያ ይመለሳል። ከላሜራ ብቻ የተሠራ የከሰል ምድጃ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ክብደቱም ቀላል በመሆኑ ገዢ አጥቶ አያውቅም። ሸማቹ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮና ጥቂት አስቀንሶ ይገዛል። አተረፍኩ ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሒሳቡ ግን እዚያ ላይ አይዘጋም። ምድጃ የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ከሰል የሚገዛው በየሳምንቱ፣ አቅም ለሌለው ደግሞ በየቀኑ ነው። የምድጃው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው እንግዲህ በሻጩ መደብ ላይ ሳይሆን ምድጃው እስኪያልቅ ድረስ በሚበላው ከሰል ነው። ያንን ደግሞ አስቀድሞ የሚወስነው ምድጃው የተሠራበት ቁስ ነው።

አንድ እሳት፣ ሦስት ዕቃ

ለአንድ የዕለት ተዕለት መገልገያ የሚስማማውን ቁስ ለመምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው ቁስ ይሻላል?" የሚል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በጥቅሉ የሚሻል ቁስ የለም። ትክክለኛው ጥያቄ "ዕቃው ምን እንዲሠራ ይፈለጋል?" የሚለው ነው። ለዚህም በአንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ከእሳት ጋር የሚውሉትን ሦስት ዕቃዎች፣ ማለትም ድስትን፣ ምጣድንና ምድጃን መመልከት ይበቃል።

ድስት የሚፈለገው ሙቀትን ከእሳቱ ተቀብሎ በፍጥነት ለወጡ እንዲያስተላልፍ ነው። አሉሚኒየም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከማይዝግ ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ክብደቱም የብረትን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ የተቀጣጠለ ከሰል ከዚህ በላይ ሊግል ይችላል። ታዲያ ድስቱ የማይቀልጠው ለምንድን ነው? በውስጡ ያለው ውሃ ሙቀቱን ያለማቋረጥ ስለሚወስድለት ነው። ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ ድስት የሚጣመመውም ይህ ጠባቂው ሲጠፋ ነው።

ምጣድ ሌላ ባሕርይ ይጠይቃል። ቀዝቃዛ ሊጥ በሰፊው በተዘረጋበት ቅጽበት ሙቀቱን ሁሉ የሚለቅ ዕቃ እንጀራውን ዓይን አያወጣለትም። ወፈር ያለ ሸክላ ግን ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ አጠራቅሞ ይይዛል፣ ለሊጡም በእኩል ያካፍላል። በጎመን ዘር ሲሟሽ ደግሞ ገጹ ይለሰልሳል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በመጣ ጊዜም ሸክላው ቦታውን አልለቀቀም። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው በታች በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ሸክላ ኤሌክትሪክን ስለማያስተላልፍ ምጣዱ ራሱ መከላከያም ሆኖ ያገለግላል። ምጣዱ ከብረት ቢሠራ ኖሮ በሽቦውና በብረቱ መካከል ሌላ መከላከያ ማስገባት ግድ ይሆን ነበር።

ሸክላ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ ቢወድቅ ወይም ቢመታ ይሰበራል። "ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ" የሚለው ተረትም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ምጣዱ ከብረት ቢሆን ኖሮ አይጧ ባልተማረች ነበር።

ሦስተኛው ዕቃ ምድጃው ነው። የምድጃ ሥራ የድስት ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ በጎንና በታች እንዳያመልጥ አግዶ ወደ ላይ፣ ወደ ድስቱ እንዲሄድ ማድረግ አለበት። የላሜራ ምድጃ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከተተኮሰ ሸክላ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። የምድጃው ግድግዳ ወዲያው ይግላል፤ የጋለው ግድግዳም ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይበትናል። እጅ የሚያቃጥለው የምድጃ ጎን ድስቱን ሳያበስል የሚባክን ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ስስ ላሜራ በተደጋጋሚ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ገጹ እየተቀረፈ ሄዶ በመጨረሻ ይበሳል።

ሁለቱን ማጋባት

እንዲህ ከሆነ ምድጃውን ከሸክላ ብቻ መሥራት መፍትሔ ይመስላል። የሸክላ ምድጃ በእርግጥ ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን እንደ ምጣዱ ሁሉ ይሰበራል። ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ወደ ቤት ለሚገባ ዕቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1980ዎቹ በጎረቤት ኬንያ የተስፋፋው የከሰል ምድጃ የሁለቱን ቁሶች ጠባይ አንድ ላይ አመጣ። ውጪው ወገቡ ቀጠን ያለ ላሜራ ሲሆን ከሰሉ የሚያርፍበት የላይኛው ክፍል ውስጡ በተተኮሰ ሸክላ ተሸፍኗል። ላሜራው ከመሰበር ያድናል፤ ሸክላው ሙቀት ይይዛል። በኢትዮጵያም "ላቀች" የተባለው የከሰል ምድጃ በተመሳሳይ ሐሳብ ተሠርቶ በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1990ዎቹ ገበያ ላይ ውሏል። ከላሜራ ብቻ ከተሠራው ምድጃ ጋር ሲነፃፀር ከሰልን በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቆጥብ ተመዝግቦለታል። በዚያው ዘመን የመጣው "ምርጥ" የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። የሚሠራው ሲሚንቶን ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር በማደባለቅ ሲሆን በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እሳት ጋር ሲወዳደር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ክብደቱ ግን እንደ ልብ የሚያንቀሳቅሱት አይደለም። በየጊዜው ቤት ለሚቀያይር ተከራይ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ሁለት ቁሶችን ማጋባት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ብረት ሲሞቅ ከሸክላ የበለጠ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም የበለጠ ይሰበሰባል። ሁለቱ ያለ በቂ ማያያዣ ከተጣበቁ ወይ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ወይ ከላሜራው ተላቆ ይንቀጠቀጣል። ሸክላው ራሱም ቢሆን አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ካልተቀላቀለበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ካልተተኮሰም ቶሎ ይፈረፈራል። ጥሩ ምድጃ ለማውጣት ላሜራ ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ እኩል መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል።

ቁስ የሚመርጠው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ

በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የምድጃውን ቁስ የሚመርጠው ሠሪው ነው፤ የከሰሉን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ገዢው ነው። ሠሪው ሸክላ ሲጨምር ወጪው ዛሬውኑ ከኪሱ ይወጣል። የሚገኘው ቁጠባ ግን በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ጊዜ የሚታይ ነው። ስለዚህ ሠሪው ቁስ ቢቀንስ የሚያስገርም አይደለም።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ በወር የ1,000 ብር ከሰል ይፈጃል እንበል። ሸክላ የለበሰው ምድጃ ከዚህ ሩቡን ቢቆጥብለት በወር 250 ብር ይተርፈዋል። ምድጃው ከተራው ላሜራ በ500 ብር ቢበልጥ እንኳ ልዩነቱ በ2 ወር ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ይህን ስሌት ለመሥራት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ችግሩ በእጁ የላሜራውን ዋጋ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ተጨማሪውን 500 ብር ከየት ያመጣል የሚለው ነው። ድህነት ውድ የሚሆነው በእንዲህ ያለው መንገድ ነው። አቅም የሌለው ርካሹን ገዝቶ በየቀኑ ሲከፍልበት ይኖራል።

ሁለተኛው እንቅፋት የመረጃ እጦት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርገው፣ ገዢው ጥራትን ለይቶ ማወቅ በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ እንደሚወጣ አስረድተዋል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሥራ አካልም ይኸው ነው። ምድጃም ከዚህ የተለየ አይደለም። በደንብ የተተኮሰውና ጥሬው ሸክላ ላሜራ ሲለብሱ ከውጭ አንድ ናቸው። ገዢው ካልለየ ለጥሩው አብልጦ አይከፍልም፤ አብልጦ የሚከፍለው ካጣ ደግሞ ጠንቃቃው ሠሪ ወይ ይከስራል፣ ወይ እንደሌሎቹ ይሆናል።

ከመግዛት በፊት

የዚህ መድኃኒት በከፊል በሸማቹ እጅ ነው። የምድጃው ውስጠኛ ሸክላ በጣት ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ ለመተኮሱና ላለመሰንጠቁ ምልክት ነው፤ ደብዛዛ ድምፅ ጥርጣሬ ያሳድራል። በጥፍር ሲፋቅ የሚቦን ሸክላ ዕድሜው አጭር ነው። ምድጃው ሲነቀነቅ ሸክላው የሚንቀሳቀስ ከሆነም ማያያዣው ደካማ ነው።

ድስት ሲገዛ ደግሞ ማግኔት ይረዳል። ማግኔት አሉሚኒየምን አይስብም፤ ተራ ብረትን ግን ይስባል። ይሁንና ማግኔት የማይነግረው ነገር አለ። ከውዳቂ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ድስት በውስጡ ሌላ ብረት ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላል። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ከ10 ታዳጊ አገሮች የተሰበሰቡ 42 ማብሰያዎችን መርምሮ ከፊሎቹ ጤናን የሚጎዳ እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል። እንዲህ ባለው ድስት ውስጥ እንደ ቲማቲም ያለ ኮምጣጣ ነገር ማብሰልና ማሳደር ጉዳቱን ስለሚያብሰው መጠንቀቅ ይበጃል።

ቁስ ሊፈታው የማይችለውን መለየትም ያስፈልጋል። ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ከሰል ማንደዱን አያስቀርም። ስለዚህ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚከማቸው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ በየትኛውም ምድጃ ላይ አደጋ ነው፤ በርና መስኮት መክፈት ግድ ይላል።

ለሠሪውም የሚበጀው መንገድ ሩቅ አይደለም። ምድጃው ምን ያህል ከሰል እንደሚቆጥብ በገዢው ፊት አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አፍልቶ ማሳየት፣ ለጥቂት ወራት ዋስትና መስጠት፣ ከተቻለም ዋጋውን በሁለት ጊዜ ክፍያ መቀበል ይችላል። ይህን ሲያደርግ በላሜራው ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ጥራት ለገዢው እንዲታይ ያደርገዋል። ገበያው ለሸክላው ዋጋ መክፈል የሚጀምረው ያኔ ነው።