ኤሴንሻል ኦይል በገላ መታጠቢያ ውሃ፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ወደ ፋርማሲያችን የሚመጡ ሰዎች ስለ ኤሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት የሚወጣ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት) ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ ላስረዳ።

ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሞቅ ያለው ውሃ ራሱ ነው። ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ስትታጠቡ ደም ወደ እጅና እግር ይሄዳል፣ ሰውነት ውስጡ ያለውን ሙቀት ይለቃል፣ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል። የላቬንደር ሽታ ደግሞ ብዙዎችን ያረጋጋል። በሽታ ግን አያድንም፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በእሱ አትተኩ።

ስህተት የሚበዛው የዘይቱ አጠቃቀም ላይ ነው። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም። በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ካንጠባጠባችሁት ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ሳይበረዝ ቆዳችሁ ላይ ያርፋል፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ጨው ውስጥ መጨመሩም ይህን አያስቀርም።

✅ ከ3 እስከ 5 ጠብታ በ1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በጥብጡ፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ ጨምሩ።
✅ ገንዳ ከሌላችሁ ለእግር አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ ይበቃል፤ 1 ወይም 2 ጠብታ፣ እሱም በዘይት ተበጥብጦ።
✅ ዘይቱ ወለሉን አንሸራታች ያደርገዋል፤ ስትወጡ ተጠንቀቁ።

❌ የባህር ዛፍና የፔፐርሚንት ዘይት ለሕፃናት አትጠቀሙ።
❌ አይጠጣም። ትንሽ የባህር ዛፍ ዘይት እንኳ ልጅን ክፉኛ ይመርዛል፤ ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።
❌ የሎሚ ዘይት ተቀብታችሁ ፀሐይ አትሙቁ፤ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።
❌ ሽታው የተለወጠ አሮጌ ዘይት አለርጂ ያመጣል፤ ጣሉት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለባችሁ፣ ወይም ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።