ምዕራፍ ስድስት፦ የማማው ጠባቂ

«ጠንካራ መድኃኒት ይታዘዝልኝ» የሚል አስታማሚ አይደንቀኝም። የሚያናድደኝ «ጠንካራውን ጀምሬለታለሁ» ብሎ የሚያሰናብተው ባለሙያ ነው። አምፒሲሊን ከጄንታማይሲን ይጠነክራል ወይስ ይደክማል? ጥያቄው ራሱ ውሃ አያነሳም። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ለያዘው ሰው መጠየቅ ያለበት ስንት፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለየትኛው ሰውነት የሚለው ነው።

ከአርብ ገበያ ቁልቁል ወደ በሽሎ ወርዶ ማሽላ የዘራ ገበሬ ነገሩን ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ አብልጦ ያስረዳችኋል። እሸት ሲይዝ ማማ ይሠራል፤ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይወጣበታል። ጠዋት ዐሥር ልጅ አሰልፎ ቀትር ላይ ማማውን ባዶ የተወ ሰው አዝመራውን ለዝንጀሮ ሰጠ ማለት ነው። አምፒሲሊንና ሴፍትሪአክሶን እንደዚሁ ናቸው። ከሚፈለገው ልክ በላይ ቢከመሩ ትርፋቸው ትንሽ ነው፤ ወሳኙ ደም ውስጥ የሚቆዩበት ሰዓት ነው። ጄንታማይሲን ግን የአደን ዘመቻ ነው። በአንድ ጊዜ በኃይል ወጥቶ የባክቴሪያውን መንጋ ይበትናል፣ የተረፈውም ደንግጦ ለሰዓታት አይመለስም። በቀን አንዴ የሚበቃው ለዚህ ነው።

ሴፕሲስ ሲገባ ማሳው ይሰፋል። የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ በዚያ ላይ ግሉኮስ ይንጠለጠላል፣ መድኃኒቱም ሜዳ ላይ ይበተናል። ኩላሊት ጠባቂው የሚወጣበት በር ነው፦ በአንዳንዱ ወጣት ታማሚ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ በሌላው ይዘጋል። ሴፍትሪአክሶንን ደግሞ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ከ85 እስከ 95 በመቶ ድረስ ይይዘዋል፤ እነዚህን ማማው ሥር ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ጠባቂዎች በሏቸው። ወንጭፉን የሚያስጮኹት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። (ጠባቂውን የለመደው ዝንጀሮ ጉዳይ ሌላ ምዕራፍ ይፈልጋል።)

«ኩላሊቱ ስለደከመ ከመጀመሪያው መርፌ ጀምሮ ቀንሱ» ከሚሉት ጋር ስሟገት ኖሬአለሁ፤ ገና አልጨረስኩም። የመጀመሪያው መጠን የሚሰላው በማሳው ስፋት ነው። ኩላሊቱ የሚያገባው ቀጣዩ ላይ ነው! ደግሞም በመጀመሪያው ቀን የደከመ ኩላሊት ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ያገግማል፤ መጠኑ ግን እንደተቀነሰ ይቀራል፣ ካርዱን ተመልሶ የሚያይ የለምና። ጄንታማይሲን ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል፣ እውነት ነው። ለዚያ ክፍተቱን ማራዘምና ክሬአቲኒን መከታተል አለ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ማሳነስ ምን ይረዳል?

በአንድ ሆስፒታል የታማሚ ካርዶችን ስመረምር፣ የሌሊት 6 ሰዓቱ የአምፒሲሊን ሳጥን ደጋግሞ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ተረኛዋ ነርስ ሙሉ ዋርድ ብቻዋን ይዛ ነው የምታድረው፤ እሷን አልወቅስም። ሒሳቡን ግን እዩት። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ዐዋቂ አምፒሲሊን በየሰዓቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ6 ሰዓት ውስጥ 64ኛ እጁ ይቀራል። አንዱ መርፌ ሲዘለል 12 ሰዓት ይሆንና ከአራት ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሀብታም አገሮች ይህን በፓምፕ ሊፈቱት ይሞክራሉ፤ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን 24 ሰዓት ሙሉ በቀስታ ያንጠባጥባሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሊንግ 3 ጥናት ይህንኑ ከ7 ሺህ በላይ ታማሚዎች ላይ ፈትኖት ነበር። በ90 ቀን ውስጥ፣ ሳይቋረጥ ከተንጠባጠበላቸው 24.9 በመቶ፣ በየተራ ከተወጉት 26.8 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በዚያ ጥናት ብቻ አልጸናም፤ እኔ ግን አልናቅሁትም።

እኛ ጋ ፓምፕ ብርቅ ነው፤ ጤና ኬላ ግን አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የአራስ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ሪፈር መሄድ ለማይችል በጽኑ የታመመ አራስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጄንታማይሲን እንድትወጋና አሞክሲሲሊን እንድትሰጥ ፈቀደ። ጄንታማይሲን በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ የትኛዋ አራስ እናት ገደሉን በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣው ነበር?

ጥንቃቄው ያለው መቅጃው ላይ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢታዘዝለት 15 ሚሊግራም ይሆናል። ከ20 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር አምፑል 1.5 ሚሊሊትር ይቀዳል። በእጅ የገባው 80 በ2 ከሆነ ደግሞ 0.4 እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ 1.5 የቀዳ እጅ 60 ሚሊግራም ወጋ። ስለዚህ አምፑሉ ከመሰበሩ በፊት ጽሑፉ ወደ ብርሃን ተይዞ ይነበባል፦ 20 ነው ወይስ 80?