አኳሪየሙን ቤቱ ይችለዋል፤ የሚደፉትን ውሃስ?

ትልቅ አኳሪየም ያለበት ሳሎን ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ዓሣዎቹ ላይ ሳይሆን ከሥር ያለው ነገር ላይ ነው። እግሩ ምን ላይ ቆሟል? የውሃው መስመር ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር እኩል ሄዷል ወይስ ወደ አንድ ወገን ዘምሟል? ባለቤቶቹ ግን የሚጠይቁኝ ሁሌም ያንኑ ነው፤ «ለመሆኑ መሠረቱ ይችለዋል?»

ይችለዋል። ርዝመቱ 150፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እንውሰድ። ጠጠሩ ገብቶ፣ ከአፉም ትንሽ ጎደል ተደርጎ፣ 450 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ይህ 450 ኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር መስታወቱ 100 ኪሎ፣ ጠጠሩና የብረት ማስቀመጫው ደግሞ 150 ኪሎ ግድም ቢሆኑ ድምሩ 700 ይደርሳል። ያስፈራል፤ ግን ክብደቱ በሥሩ ባለው ስፋት ላይ ሲከፋፈል ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 80 ግራም ገደማ ብቻ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ ወለሉን የሚጫነው ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። መሬት ላይ ባረፈ የኮንክሪት ወለል ይህ ሸክም አይባልም።

እርግጥ ስፋቱ የሚሠራው ማስቀመጫው በሙሉ ሥሩ ሲያርፍ ነው። ብዙዎቻችን ግን አራት እግር እናስበይዳለን፤ ያኔ በየእግሩ 175 ኪሎ ክፍት የቱቦ ብረት ጫፍ ላይ ያርፍና ሴራሚኩን ሊሰብረው ይችላል። በየእግሩ ሥር መዳፍ የሚያህል ላሜራ ማስበየድ ምን ያህል ያስወጣል? የመጀመሪያው አኳሪየሜ ሌሊት ተሰንጥቆ ምንጣፉ ሲንሳፈፍ መሠረቱ ሰመጠ ብዬ አምቼ ነበር። አንድ ግንበኛ ወዳጄ ውሃ ልክ አምጥቶ ሲለካው ወለሉ ምንም አልሆነም። የማስቀመጫው አንደኛው እግር ግን አጥሮ ነበር። መስታወት ክብደት ይችላል፤ መጠምዘዝ አይችልም። ልብ ላለው ደግሞ አኳሪየም ራሱ ትልቅ ውሃ ልክ ነው። በአንዱ ጫፍ ውሃው ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ዓሣውን ሳይገዙ ማስቀመጫውን ያስተካክሉ።

ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች «መሠረት» ሲሉ ወለል ማለታቸው ነው፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የመኖሪያ ቤት ወለል ዲዛይን ሲደረግ የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ሸክም በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው፤ የእኛ አኳሪየም በቆመበት ስፍራ ላይ 800 ይጠጋል። ይህ ማለት ወለሉ ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ባዶ ወለል ያግዘዋል። ቢሆንም በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ወለሉ በፕሪካስት ቢምና ባዶ ብሎኬት የተሠራ ነው፤ አኳሪየሙ ቢሞቹን አቋርጦ፣ ኮለን አጠገብ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቆም ይመረጣል። ከ300 ሊትር የሚበልጥ ከሆነ መሐንዲስ ይጠይቁ። በረንዳ ላይ የሚያስቀምጡትንስ ምን ልበላቸው? በረንዳው ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ነው እኮ!

አዲስ አበባ ላይ መሠረትን የሚያነቃንቀው ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው ዋልካ የሚለው። በቦሌ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ቤት የሠራ ያውቀዋል። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው፤ በገጾቹ መሃል ውሃ ሲገባ ይገፋፋቸዋል። እያበጠ ወደ ላይ የሚገፋበት ጉልበት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ አኳሪየሙ ወደ ታች የሚጫነው ግን 80 ግራም ነበር። ስለዚህ እዚህ አፈር ላይ የቪላ ቤት ችግሩ መክበዱ ሳይሆን መቅለሉ ነው። ከባድ ሕንጻ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ ቪላውን አፈሩ ያነሳዋል። ግንበኞች ጥቁሩን አውጥተው ገረጋንቲ የሚሞሉት ለዚህ ነው፤ ከግድግዳው ውጭ ያለው ጥቁር አፈር ግን እንዳለ አለ።

ሁሉም ቦታ እኩል ቢያብጥ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ጣጣው አንዱ ጥግ ሲረጥብ ሌላው ደርቆ ሲቀር ነው። አንድ ጎረቤቴ በጥር ወር ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አየና «ክብደቱ ነው» ብሎ ዓሣዎቹን ለዘመድ ሰጠ። ሄጄ ሳይ አኳሪየሙ የነበረው በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ነው። በተሰነጠቀው ጥግ በኩል የሚወጣው የውሃ መቀየሪያ ቱቦው ነበር። አኳሪየሙ ከላይ ያሰላነውን ያህል ነበርና በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ይቀይር ነበር፤ ይህ 110 ሊትር ያህል ነው፤ በዓመት አምስት ተኩል ቶን ይሞላል። 700 ኪሎውን ፈርቶ አምስት ተኩል ቶኑን፣ ያውም በበጋ፣ አንድ ጥግ ላይ ሲደፋ ኖረ። ዓሣዎቹ ያለ ጥፋታቸው ተሰደዱ።

ስለ ማጣሪያና ስለ መብራት ሻጩ ይንገርዎት። እኔ የምለምንዎት ቱቦውን እንዲያረዝሙት ብቻ ነው። ወደ ፍሳሽ መስመር ይልቀቁት፤ ካልሆነም ጎመን ያጠጡበት፤ የዓሣ ኩስ ያለበት ውሃ ለጎመን ማዳበሪያ ነው። የእኔ የጎመን መደብ ከግድግዳው አራት ሜትር ይርቃል፤ ቱቦዬም እዚያ ይደርሳል።