የመኪና ባትሪ ዕድሜ፦ ከአቦምሳ ሙቀት እስከ በቆጂ ብርድ

የመኪና ባትሪ በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ዕድሜውን የሚወስኑት ግን የአየሩ ሙቀት፣ የመንገዱ ሁኔታና የባለቤቱ አያያዝ ናቸው። በአርሲ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘነብለው የመርቲ ወረዳ፣ በአቦምሳና በአካባቢዋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ባትሪው በ2 ወይም በ3 ዓመት ቢደክም አያስገርምም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላ ደግሞ ያው ዓይነት ባትሪ እስከ 5 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

የተለመደው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች ወይም ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ የስድስቱ ድምር 12.6 ቮልት ይሆናል። በየሴሉ ውስጥ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ፕሌቶች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ተቀምጠዋል። ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሆን መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከፕሌቶቹ ጋር ተዋህዶ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ዲናሞው መልሶ ሲሞላው ሰልፌቱ ይፈርስና አሲዱ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ባትሪው ሳይሞላ ሲቆይ ነው። ሰልፌቱ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ አንዴ ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም በቀላሉ አይፈርስም፤ ባትሪውም ቀድሞ ይይዝ የነበረውን ያህል መያዝ ያቅተዋል።

ብዙ ሾፌሮች ባትሪ የሚገድለው ብርድ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በባትሪው ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ፕሌቶቹን የያዘው ፍርግርግ በአሲዱ ይበላል፣ ውሃውም ይተናል። ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው ጠዋት ጠዋት ያለችግር ይነሳል፤ ምክንያቱም በሙቀት ሞተር ለማስነሳት ብዙ ኃይል አያስፈልግም። ብርድ ሲመጣ ግን የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖውም ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። በአቦምሳ ሁለት በጋ ያሳለፈ ባትሪ በደጋዎቹ በቆጂ ወይም ሳጉሬ አድሮ ማለዳ ላይ ቢከዳ፣ የተጎዳው ያን ሌሊት ሳይሆን ቀደም ብሎ በሙቀቱ ነው። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ መኪና ባትሪው 2 ዓመት ካለፈው፣ ወደ ደጋ ከመጓዙ በፊት ቢመረመር ባለቤቱ ከብዙ እንግልት ይድናል።

ሁለተኛው የባትሪ ጠላት መቆም ነው። አርሲ የስንዴ አገር ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ የእርሻ መሣሪያ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ዛሬም አዝመራ ሲደርስ ኮምባይነር በየማሳው ይታያል። መኸሩ ተሰብስቦ ሲያበቃ ግን ኮምባይነሩ ለወራት ይቆማል፤ ባትሪው ሳይነቀል ከቀረ በቀጣዩ ዓመት ሞቶ ይገኛል። ማንኛውም ባትሪ ባይነካም በየወሩ ጥቂት በመቶ ኃይሉን ያጣል፤ በሙቀት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። መኪና ላይ እንደተገጠመ ከሆነ ሰዓት፣ ሬዲዮና የሌባ ማንቂያ ደወል በድብቅ ይስቡታል። 50 ሚሊ አምፔር ብቻ የሚስብ ነገር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በዚህ አካሄድ በ25 ቀን ግማሹን ያጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ባትሪ ሞልቶ፣ የኔጋቲቭ ገመዱን ነቅሎ፣ ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥና በየአንድ ወይም ሁለት ወሩ ቻርጅ ማድረግ። ባትሪ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይሞታል የሚባለው ከድሮዎቹ የእንጨትና የጎማ ሳጥኖች ጋር የቀረ ነገር ነው፤ የዛሬው የፕላስቲክ ሳጥን ኃይል አያስመልጥም።

ባትሪን ለመመርመር ቮልት መለኪያ ይበቃል። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፣ 12 ደግሞ ሩብ ያህል እንደቀረው ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሳ መለኪያው ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ፤ ከ15 ከበለጠ ደግሞ ባትሪው እየተቀቀለ ነው። አዲስ ባትሪ በተከታታይ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ዲናሞው ላይ ነው።

ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተት አሲድ መጨመር ነው። ከባትሪው የሚጠፋው ውሃ ብቻ ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። አሲድ በተጨመረ ቁጥር ፈሳሹ ከልክ በላይ እየበረታ ፕሌቶቹን ይበላል። የሚጨመረው ምንጊዜም የተጣራ ውሃ ነው፤ ፕሌቶቹን 1 ሴንቲሜትር ያህል እስኪሸፍን ይበቃል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ፣ በተለይ ማዕድን የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ፣ ለባትሪ አይሆንም። የገመዶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ብናኝ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ግሪስ ይቀባል። በጠጠርና በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ መኪና ደግሞ ባትሪው በመያዣው በደንብ ይታሰር፤ የላላ ባትሪ በንዝረት ብቻ ፕሌቱ ይራገፋል።

አይሱዙና ሌሎች ባለ 24 ቮልት መኪኖች ሁለት ባትሪ በተከታታይ ይይዛሉ። ለሬዲዮ ወይም ለመብራት ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ የተለመደ ነው፤ ግን አንዱን እያራቆተ ሌላውን ከልክ በላይ እንዲሞላ ያደርጋል፣ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ሲቀየሩም አሮጌና አዲስ ሳይቀላቀሉ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

በቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስ። ገመድ ሲነቀል ኔጋቲቩ መጀመሪያ፣ ሲገጠም መጨረሻ ይሁን። ከሌላ መኪና ኃይል ሲዋስ ደግሞ የመጨረሻው ኔጋቲቭ ገመድ ከሞተው ባትሪ ራቅ ብሎ ሞተሩ ብረት ላይ ይታሰር። ቤንዚን ትተው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የተሻገሩ ባለቤቶችም ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ጣጣ አላመለጡም፤ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ በተጨማሪ ለመብራትና ለኮምፒውተር ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ።

አገልግሎቱን የጨረሰ ባትሪ ቤት ውስጥ አይከማች፣ ለእርሳሱ ሲባልም አይሰበር። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮዬ ሱር ሜር እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል፤ ምክንያቱ በመንደሩ ይሰበር የነበረ አሮጌ የመኪና ባትሪ ነበር። አዲስ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ሳይከፍት ለሻጩ ያስረክብ።