የነርቭ ቀዶ ሕክምና ቅንጦት አይደለም

የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን የሕክምና ቦርድ ወረቀት ይዞ ውጭ አገር የሚሄድ ታካሚ ነው። መሣሪያው ውድ፣ ሕመሙም ብርቅ ይመስለናል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን የሚያጨናንቁት ግን በመኪና አደጋ ወይም ከሕንፃ ላይ ወድቀው የተጎዱ ወጣቶች፣ ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረ ሕፃናትና በእጢ ምክንያት ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይህ ክፍል የድንገተኛ ሕክምና አካል ነው፤ እንደ ማዋለጃ ክፍል ሁሉ ለሕዝቡ ሊቀርብ ይገባል።

ዋናው ማስረጃ ሰዓት ነው። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሲፈስ ታካሚው መጀመሪያ ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ደሙ ተጠራቅሞ አንጎሉን ሲጫነው ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ በተመታበት በኩል ያለው የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ከዚያም ራሱን ይስታል። ሐኪሙ አጥንቱን ከፍቶ የረጋውን ደም ያወጣል፣ የሚደማውን የደም ሥር ይዘጋል። በጊዜ ከተደረሰለት ሰውየው ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ከዘገየ ግን ሊሞት ይችላል። የሕፃናቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አንጎል ውስጥ ዘወትር የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ወደ ሆድ ዕቃ ይወርድለታል። ቱቦው ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ስለሚችል፣ ልጁ ማስመለስና መፍዘዝ በጀመረ ጊዜ ክፍሉ በቅርብ መገኘት አለበት።

«ይህ ለድሃ አገር አይሆንም» የሚሉ አሉ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልምድ ግን ሌላ ያሳያል። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ በኢትዮጵያ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲና እዚያው አዲስ አበባ ካለው ኮሪያ ሆስፒታል ጋር ሆኖ ሥልጠናውን አገር ውስጥ፣ በጥቁር አንበሳ ጀመረ። የተመረቁት ሐኪሞች ዛሬ ራሳቸው አሠልጣኞች ሆነዋል። ችግሩ የድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተቻለ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ «መከላከል ይቅደም» የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የምትወስድ ሴት ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ የመወለዱን አደጋ በእጅጉ ትቀንሳለች። የህብለ ሰረሰሩ መነሻ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነውና። ሆኖም እንዲህ ሆኖ የተወለደ ልጅ ጀርባው በሁለት ቀን ውስጥ ቢዘጋለት ይመረጣል፤ መከላከሉ ለእሱ አልፏል። ደግሞም ጥሩ ክፍል ለሁሉም ታካሚ ቀዶ ሕክምና አያደርግም፤ አብዛኛው የዲስክ መንሸራተት በጊዜ፣ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይሻላል።

እንግዲህ ቀጣዩ ሥራ ሐኪም ማስመረቅ ብቻ አይደለም። ሲቲ ስካን ከተበላሸ፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ከሌለ፣ የሠለጠነ ነርስና የሰመመን ባለሙያ ከጎደለ ያ ሁሉ ሙያ ታካሚው ጋ አይደርስም። በጀት ሲመደብ እነዚህ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር አብረው ይታሰቡ።