የሕፃናት የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት በዙሪክና በጄኔቫ

ስዊዘርላንድ አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች ያሏት አገር ስትሆን፣ ከአራቱ የማይቆጠረው እንግሊዝኛ ለሕፃናት መቼና ከየትኛው ቋንቋ ቀጥሎ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ፣ ትምህርትን በሚያስተዳድሩት ካንቶኖች፣ ማለትም በፌዴሬሽኑ ራስ ገዝ ግዛቶች፣ ዘንድ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዙሪክ የትምህርት ኃላፊ ኤርንስት ቡሾር እንግሊዝኛን ከፈረንሳይኛ ለማስቀደም ሲነሱ፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን ርምጃው የአገሪቱን አንድነት ያላላል የሚል ቅሬታ ተሰማ። የካንቶኖች የትምህርት ኃላፊዎች ጉባኤም በ2004 አንድ ብሔራዊ ቋንቋና እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ እንዲሰጡ፣ ቅደም ተከተሉ ግን እንደየአካባቢው እንዲወሰን ተስማማ። በዚህም መሠረት ጀርመንኛ ተናጋሪው የዙሪክ ልጅ ከ3ኛ ክፍል እንግሊዝኛን፣ ከ5ኛ ክፍል ፈረንሳይኛን ሲጀምር፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የጄኔቫ ልጅ ጀርመንኛን አስቀድሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል።

ቅደም ተከተሉ የቃላት ትምህርቱን ራሱን ይለውጠዋል። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ከአንድ ግንድ የወጡ በመሆናቸው፣ የዙሪክ ልጅ ቤትን «ሃውስ»፣ አይጥን «ማውስ»፣ እጅን «ሃንድ» ሲባል ሲሰማ ከጀርመንኛ የሚያውቀውን ድምፅ ያገኛል፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ስጦታ ማለት የሆነው «ጊፍት» በጀርመንኛ መርዝ ስለሆነ መመሳሰሉ ሁልጊዜ አይታመንም። የጄኔቫ ልጅ በበኩሉ ጠረጴዛን የሚያመለክተው ቃል በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም አንድ ዓይነት ተጽፎ ሲያይ ትርጉሙን ወዲያው ይረዳል፣ የሚቸገረው በአነባበቡ ነው፤ «ሃውስ»ንና «ማውስ»ን የመሰሉትን ቃላት ግን ቀድሞ የተማረው ጀርመንኛ ያቀልለታል።

የጀማሪዎች ቃላት በአብዛኛው የአካል ክፍሎች፣ ቀለማት፣ እንስሳትና ምግቦች ናቸው። መምህሩ «አፍንጫህን ንካ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲያዝ ልጁ ሳይናገር በመንካት የሚመልስበት ዘዴ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ያዳበሩት ሲሆን፣ ቃልን ከድርጊት ጋር ስለሚያስተሳስር ለዚህ ዕድሜ እጅግ ተስማሚ ነው።

በቶሎ መጀመር ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ተመራማሪዋ ሲሞን ፕፌኒንገር በዙሪክ ባካሄዱት ጥናት፣ በ13 ዓመታቸው የጀመሩ ተማሪዎች በ8 ዓመታቸው የጀመሩትን በአጭር ጊዜ እንደደረሱባቸው፣ ከቀድሞ ጅምር በይበልጥ የተጠቀሙትም ከሕፃንነታቸው በሁለት ቋንቋ ያደጉ፣ በሁለቱም ማንበብና መጻፍ የሚችሉና የወላጅ ድጋፍ ያልተለያቸው ልጆች እንደሆኑ አሳይተዋል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለእንግሊዝኛው ሲሉ አማርኛውን ሊተዉ አይገባም፤ ፊደሉን አስቆጥረው ማንበብና መጻፍ ያስተምሯቸው።